ከደሙር እስከ ሞዴስ፤ የካርቱም ሴቶች ጨርቅ

በካርቱምና በኦምዱርማን ግቢዎች፣ ሱዳኖች «ሆሽ» በሚሉት፣ አራስ ያለበት ቤት ከሩቅ ይታወቃል። የሕፃኑ የሽንት ጨርቅ ታጥቦ፣ ተጨምቆ፣ በገመድ ላይ ተሰጥቶ ይውላል። የገባ የወጣው ያየዋል፤ አይቶም «ማርያም ማረቻት» እንደምንለው ያለውን የደስታ ቃል ይናገራል። በዚያው ቤት ምናልባትም ከዚያው ጣቃ የተቀደደ ሌላ ጨርቅ አለ፤ ሴቶቹ ለወር አበባ የሚታጠቁት። እሱ ገመድ ላይ አይወጣም። ከፍራሽ ሥር ወይም ከበር ጀርባ በጨለማ ይደርቃል፤ ብዙ ጊዜም በወጉ ሳይደርቅ እንደገና ይታጠቃል። ጎንደርም፣ መቀሌም፣ አዲስ አበባም ነገሩ ያው ነው። የሁለቱ ጨርቆች ሥራ አንድ ነው፤ ዕጣቸው ግን ለየቅል ሆኖ ኖሯል። እዚህ የምተርከው ይህንኑ ነው። ዓመታቱንና ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ካርቱም በ1821 የቱርክና የግብፅ ጦር ሰፈር ሆና ከመቆርቆሯ ብዙ ዘመን በፊት ሱዳን የራሷ ጨርቅ ነበራት። ደሙር ይሉታል። ሴቶች የፈተሉትን ጥጥ ሸማኔዎች በእጅ ይሠሩትና ወፍራም፣ ጠንካራ ልብስ ይወጣዋል። እናቱ ስትፈትል ያየ፣ ድሩንና ማጉን ለሸማኔ ሲያደርስ ያደገ የእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። እኛ በአሞሌ ጨው እንደተገበያየን ሁሉ ደሙርም በሱዳን ገበያዎች በገንዘብ ፋንታ ያገለግል ነበር። በ1885 ማህዲስቶች፣ እኛ ደርቡሽ የምንላቸው፣ ካርቱምን ይዘው ዋና ከተማቸውን ወደ ኦምዱርማን ሲያሻግሩ፣ ተዋጊዎቹ የሚለብሱት ጅባ ከዚሁ ጨርቅ የተሰፋ ሲሆን በላዩ ላይ ባለቀለም እራፊ ተለጥፎበት ነበር። እራፊው ዓለምን የመናቅና የትሕትና ምልክት ነው። በዚያች ከተማ ለተወሰነ ጊዜ እራፊ መልበስ ክብር ሆነ ማለት ነው።

እናቶች ዘንድ ግን እራፊ ምንጊዜም ዋጋ ነበረው። አዲስ ጨርቅ ለሕፃን አይሆንም። ጥሬ ጥጥ በተፈጥሮው ሰም አለው፤ ሰሙ ውሃ ይገፋል። ደጋግሞ ሲታጠብ፣ ሲፈላና ፀሐይ ሲመታው ሰሙ ይለቃል፣ ክሩ ይለሰልሳል፣ ፈሳሽ መምጠጥ ይጀምራል። አያቶቻችን ለልጅ የሚሆነውን ከአሮጌ ነጠላ፣ የሱዳን አያቶችም ካረጀ ቶብ፣ ማለትም ሴቶች ከሚከናነቡት ልብስ፣ መርጠው ሲቀድዱ፣ ያደረጉት ከችግር ብቻ የመነጨ አልነበረም። ኬሚስት ሳይነግራቸው ያወቁት ነገር ነው። እነርሱ ራሳቸው የሚታጠቁትንም ከዚያው ጨርቅ በጠባቡ ቀድደው፣ አጣጥፈው፣ ወገብ ላይ በታሰረ መቀነት ይይዙት ነበር። ለዚህኛው ግን ማንም «ማርያም ማረቻት» አላለም።

የእንግሊዝና የግብፅ ጦር በ1898 ኦምዱርማንን ከያዘ በኋላ ካርቱም እንደገና ተሠራች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1907፣ ከማህዲ ተዋጊዎች አንዱ የነበሩት ባቢክር በድሪ በዓባይ ዳር በምትገኘው ሩፋዓ ከተማ በገዛ ቤታቸው የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ተማሪዎቹ አሥራ ሰባት ሲሆኑ ዘጠኙ የራሳቸው ልጆች ነበሩ። በሱዳን የመጀመሪያዎቹ የሴት ልጆች ትምህርት ቤቶች ከንባብና ከጽሕፈት ጎን መርፌ ሥራን ዋና ትምህርት አድርገው ያዙ። ይህን ዛሬ ሴትን ቤት ለማስቀረት የተደረገ ብቻ አድርገው የሚያዩ አሉ፤ ከፊል እውነት አለው። እኔ ግን ሌላውን ወገን እመለከታለሁ። ጨርቅ ለክታ፣ ቆርጣ፣ ቀጥ ያለ ስፌት መስፋት የቻለች ልጅ ለራሷም ለልጇም የሚያስፈልገውን መሥራት ትችላለች። ጎዶሎው ነገር ስፌቱ ስለ ሰውነቷ ከሚነገር ትምህርት ተነጥሎ መሰጠቱ ነበር። ጥልፍ ስትማር ትውላለች፤ ደም ሲመጣባት ምን እንደምታደርግ ግን የሚነግራት የለም።

ዝምታውን በአንድ በኩል የሰበረው የኦምዱርማን የአዋላጆች ትምህርት ቤት ነው። ሜብል ዎልፍ የተባለች እንግሊዛዊት አዋላጅ በግብፅ ፋዩም አዋላጆችን ስታሠለጥን ቆይታ በ1920 ወደ ሱዳን ተላከች፤ ትምህርት ቤቱም በ1921 ሥራ ጀመረ። በኋላ እህቷ ገርትሩድ ተጨመረች። እስከዚያ ድረስ ሴቶች የሚወልዱት ከጣሪያ የተንጠለጠለ ገመድ ጨብጠው ነበር፤ የቀድሞዎቹ አዋላጆችም «የገመድ አዋላጅ» ይባሉ የነበረው ለዚህ ነው። አዲሶቹ ሠልጣኞች አብዛኞቹ ማንበብ የማይችሉ ነበሩ። ስለዚህ መድኃኒቱን በቀለሙ፣ በጠረኑና በጣዕሙ ለይተው እንዲያውቁት ተደረገ። ከሥልጠና ሲወጡም የሥራ ዕቃ የያዘ የቆርቆሮ ሳጥን ይዘው ወደ ሰፈራቸው ይመለሱ ነበር። ሁለቱ እህትማማቾች ስለ ሱዳን ልማድ የነበራቸው አመለካከት የቅኝ ገዢ ዓይን የተጫነው እንደነበር የታወቀ ነው፤ ከሥራቸውም ብዙ የሚነቀፍ አለ። ያም ሆኖ ያች የቆርቆሮ ሳጥን የያዘች ሴት አንድ ትልቅ ነገር ወደ ቤት አስገባች። እጅ ይታጠባል፣ የአራስ ጨርቅ ይፈላል፣ እምብርት የሚነካው ነገር ንጹሕ ይሆናል። ቆሻሻ ጨርቅና ያልጸዳ ምላጭ በእምብርት በኩል መንጋጋ ቆልፍ እንደሚያመጡ፣ መንጋጋ ቆልፍም ሕፃናትን በሳምንት ውስጥ እንደሚገድል ማወቅ ማለት፣ ጨርቅ ከዚያ ወዲያ የጤና ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

በዚያው አሥር ዓመት ሌላ ነገር ተደረገ። የሰናር ግድብ በ1925 ተጠናቀቀ፤ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው የዓባይ ውሃ ገዚራ በሚባለው ሜዳ ላይ ተለቀቀ። ረጅም ክር ያለው ምርጥ ጥጥ በቀለ። ገዚራ ዛሬ፣ ፈዳን በሚባለው የሱዳን የመሬት መለኪያ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ የሚሸፍን በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት የመስኖ እርሻዎች አንዱ ነው። ጥጡ ግን በባቡር ወደ ፖርት ሱዳን፣ ከዚያም በመርከብ ወደ እንግሊዝ ላንክሻየር ፋብሪካዎች ይሄድ ነበር። ለቅማ የጫነችው የገዚራ ሴት፣ ለልጇ ጨርቅ ስትፈልግ ከውጭ ተሸምኖ የመጣውን በገንዘቧ ትገዛለች። አገራችንም አቡጀዲን ያወቀችው ከውጭ በመጣ ሸቀጥ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከካርቱም ማዶ በባሕሪ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተክሎ፣ ደሙሪያ የሚባለው ያልነጣ ጨርቅ በአገር ውስጥ በብዛት መሠራት ሲጀምር ነው የከተማዋ ልብስ ሰፊዎች የራሳቸውን ጥጥ መልሰው ያገኙት። ስሙ ሳይቀር ከጥንቱ ደሙር የተወሰደ ነው።

ባሕር ማዶ ደግሞ ጨርቁን የሚተካ ነገር እየተፈለሰፈ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ኪምበርሊ ክላርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከእንጨት የሠራውን ለቁስል ማሰሪያ የሚውል የሚመጥጥ ነገር፣ የጦር ሜዳ ነርሶች ለራሳቸው የወር አበባ ተጠቀሙበት። ኩባንያው ይህን ተረድቶ በ1920 ኮቴክስን ለገበያ አወጣ። ተከትሎ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ሞዴስ የተባለውን አመጣ። የዚያ ዕቃ ስም ዛሬ በትውልድ አገሩ ተረስቷል፤ በአማርኛ ግን እስከ አሁን ሕያው ነው። የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን፣ ሱቅ ገብታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሞዴስ አለ?» የምትል ልጅ ይህን ታሪክ ሳታውቅ ትጠራዋለች።

የሽንት ጨርቁ ታሪክ የእናት የስፌት መኪና ታሪክ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚነካኝም እሱ ነው። ሜሪየን ዶኖቫን የተባለች አሜሪካዊት እናት የልጇ አልጋ በየሌሊቱ መራሱ አሰልችቷት፣ በ1946 ከመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ላይ ቆርጣ በቤቷ መኪና ከጨርቁ በላይ የሚለበስ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ሰፋች። በመርፌ ቁልፍ ፋንታ ተጭኖ የሚዘጋ ቁልፍ ገጠመችበት፤ ሕፃን እንዳይወጋ። ፋብሪካዎች አንፈልግም አሏት። በ1949 ራሷ ለሽያጭ አቀረበች፤ በ1951 የፈጠራ መብቷን አስመዘገበች፤ ከዚያም መብቱን በ1 ሚሊዮን ዶላር ሸጠች። ፓምፐርስ የመጣው በ1961 ነው። ዛሬ ታጥቦ ተመልሶ የሚለበስ ሞዴስ የሚሰፋ ሰው ሁሉ፣ በመቀሌም ሆነ በገዳሪፍ፣ ይህንኑ መላ ይጠቀማል። ላይ የሚመጥጥ ጨርቅ፣ ታች የማያሳልፍ፣ ዳር ላይ የሚዘጋ ቁልፍ።

በ1957 የኦምዱርማን የወሊድ ሆስፒታል ተከፈተና በሱዳን ትልቁ የማዋለጃ ቦታ ሆነ። የካርቱም ሱቆችም ዳይፐርና ሞዴስ መደርደር ጀመሩ። አቅም ያለው ገዛ፤ የሌለው ጨርቁን ቀጠለ።

ከ1974 በኋላ የእኛ ሰው በብዛት ወደ ካርቱም ጎረፈ። ከጎንደር፣ ከትግራይ፣ ከኤርትራ፣ ከአዲስ አበባ። ዴምና ጀሪፍ የሐበሻ ሰፈር ተባሉ። ሴቶቻችን በሰው ቤት ሠሩ፣ ሻይና ቡና አፈሉ፣ ልብስ ሰፉ። በ1984 እና በ1985 ድርቁና ጦርነቱ ሲጠና በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበሩን በእግር ተሻገሩ፤ ወድ ኮውሊና ኡም ራኩባ የመሳሰሉት ካምፖች ሞሉ። በዚያ ካምፕ ሕይወት ጨርቅ ያለ ውሃ ምንም እንደማይጠቅም ታየ። ወድ ኮውሊ ውሃ ስላጠረው ሰው ወደ ሌላ ቦታ መዛወር ግድ ሆነ። አንድ ሕፃን በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ጨርቁ ይቀየራል፤ እያንዳንዱ መታጠብ አለበት፤ መለቅለቅም አለበት። በዛሬ የዕርዳታ ሥራ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል ተብሎ ይታሰባል፤ መጠጡም፣ ምግቡም፣ መታጠቢያውም ከዚያው ነው። ለልጇ የሚበቃ ውሃ የሌላት እናት የራሷን ጨርቅ የምታጥበው በስንት ጣሳ ነበር? ስለ ስደት ስንናገር ረኃቡን እናነሣለን፣ ጥይቱን እናነሣለን። ይህን አናነሣም።

ነገሩን በአደባባይ ያነሣችው ሴት ከትግራይ ናት። ፍሬወይኒ መብራህቱ በ13 ዓመቷ የመጀመሪያ የወር አበባዋን ስታይ የነገራት ሰው አልነበረም፤ በእራፊ ነው ያለፈችው። በአሜሪካ ቴክሳስ በሚገኘው ፕሬሪ ቪው ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ኬሚካል ምሕንድስና ተማረች። የተማረችውን ይዛ በ2005 ታጥቦ የሚለበስ ሞዴስ ፈጠራዋን በስሟ አስመዘገበች። በ2009 መቀሌ ላይ ፋብሪካ ከፈተች፤ በልጇ ስም ማርያም ሰባ አለችው። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በጥንቃቄ ከተያዘ አንዱ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ከ2014 ጀምሮ ዲግኒቲ ፔሪየድ ከተባለው በአሜሪካ የተመሠረተ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆነው ለተማሪ ልጆች በነፃ አዳረሱ፤ በየትምህርት ቤቱ ወንዶቹም ባሉበት ስለ ወር አበባ ተነገረ። ወንዶች ባሉበት መነገሩ ለእኔ ከፋብሪካው አያንስም። በዓመት ወደ 750 ሺህ የሚደርስ ሞዴስ ያመርቱ ነበር። በ2019 መጨረሻ ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸለማት።

አንድ ዓመት ሳይሞላ የትግራዩ ጦርነት መጣ። በኅዳር 2020 እና በተከታዮቹ ወራት ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ተከዜን ተሻግረው፣ ሱዳን ገቡ። ብዙዎቹ ድንበር ላይ ባለው ሐምዳይት አረፉ፤ ከዚያም በርካቶች ወደ ኡም ራኩባ ተወሰዱ። በ1980ዎቹ እናቶቻቸው በተጠለሉበት ካምፕ ልጆቻቸው መጠለያ ተከሉ።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ደግሞ የካርቱም ተራ ሆነ። የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ በከተማዋ መካከል ተዋጉ። ገበያዎች ተዘረፉ፣ ፋርማሲዎች ተዘጉ፣ የባሕሪ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ። የኦምዱርማን የወሊድ ሆስፒታልም ሥራ አቆመ። ሞዴስ በአንዳንድ ሰፈር ጨርሶ ጠፋ፤ ባለበትም ዋጋው አልቀመስ አለ። የዩኒቨርሲቲ መምህርትም ሆነች ሻይ ሻጭ፣ ሁሏም ወደ አያቷ ጨርቅ ተመለሰች። አንሶላ ተቀደደ፤ ቶብ ተቀደደ።

በዚህ መሐል መንግሥት ያልሠራውን ሰፈርተኛው ሠራ። የአስቸኳይ ምላሽ ክፍሎች የሚባሉት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ማኅበራት ተካያ የሚሉትን የጋራ ወጥ ቤት አቋቋሙ፣ ቁስለኛ አነሡ፣ መድኃኒት አፈላለጉ። ሴቶቹ ደግሞ የራሳቸውን የምላሽ ክፍሎች አቋቁመው፣ ማንም በዕርዳታ ዝርዝር ላይ ያላሰበውን ያዙ፤ የወር አበባ ዕቃን። ተፈናቃይ በበዛባቸው ከተሞች፣ የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ በሚደግፋቸው የሴቶች ማዕከላትም ጭምር፣ የስፌት መኪና ዙሪያ ተቀምጠው ታጣቢ ሞዴስ መስፋት ጀመሩ። የምላሽ ክፍሎቹ በ2025 የራፍቶ ሽልማትን አገኙ፤ የሚገባቸውን ነው ያገኙት።

አሠራሩ ይህን ይመስላል፤ መኪና የሌላት በእጇ መስፋት ትችላለች። ከወረቀት ላይ ርዝመቱ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ጫፎቹ የከበቡ፣ መሐሉ ላይ ግራና ቀኝ ክንፍ ያለው ቅርጽ ይቆረጣል። በቅርጹ ልክ ለሰውነት የሚነካ ለስላሳ ጥጥ አንድ፣ ለታች ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ አንድ ይቆረጣሉ። መሐል የሚገባው ክንፍ የሌለው ነው፤ አሮጌ ፎጣ ወይም ፍላኔል ሁለት ሦስት ድርብ። መጀመሪያ መሐለኛው በላይኛው ላይ ይሰፋል። ቀጥሎ ላይኛውና ታችኛው ፊት ለፊት ተገጥመው ዙሪያውን ይሰፋሉ፤ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። በቀዳዳው ተገልብጦ ይወጣል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ዳር ዳሩን እንደገና በስስ ይሰፋል። በክንፎቹ ላይ ተጭኖ የሚዘጋ ቁልፍ፣ ከጠፋም ተራ ቁልፍ ይገጠማል። ውሃ የማያሳልፈው ጨርቅ ከሌለ ድርቡን መጨመርና ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው፤ ተራ ፌስታል ስፌት ውስጥ ማስገባት ላብ አፍኖ ቆዳ ያቆስላል። የሕፃኑም የሽንት ጨርቅ በዚሁ ሥርዓት ይሰፋል፤ ሰፋ ይላል፣ በእግር በኩል ላስቲክ ይገባበታል።

አጠባው ከስፌቱ ይበልጣል። ደም የነካው ጨርቅ በቅድሚያ በቀዝቃዛ ውሃ ይነከራል፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ክሩ ላይ ያደርቀዋል። ከዚያ በሳሙና ይታሻል፣ ሳሙናው እስኪለቅ ይለቀለቃል። ማለስለሻ አይጨመርበትም፤ ክሩን ሸፍኖ መምጠጥ ያስተወዋል። በመጨረሻ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ካርቱም ያጣችው ብዙ ነው፤ ፀሐይ ግን አላጣችም። በዚያች ከተማ ገመድ ላይ የተሰጣ ጨርቅ ለመድረቅ ጊዜ አይፈጅበትም። ከፍራሽ ሥር የተደበቀው ግን እርጥበቱን ይዞ ያድራል፣ ይሸታል፣ ያሳክካል፣ ሕመም ያመጣል። ይህ ከድህነት የመጣ ሕመም አይደለም። ገመዱ እዚያው ነው፤ ፀሐዩም ነፃ ነው። የከለከላት ሐፍረት ነው።

የካርቱሙ ጦርነት የስደቱን መንገድ ገለበጠው። በካርቱም ዓመታት የኖሩ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ሲመለሱ፣ ሱዳናውያን እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው አብረው ገቡ። በ2023 በአማራ ክልል ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያዎች ተከፈቱላቸው። ከመተማ ማዶ ባለችው ጋላባት በኩል ከአርባ ዓመት በላይ ወደ ምዕራብ ሲሻገር የኖረው ስደተኛ አሁን ወደ ምሥራቅ ይሻገራል። እነዚህ ሴቶች ወደ እኛ የመጡት እኛ በቸገረን ጊዜ ኡም ራኩባ ላይ ከተቀበለን አገር ነው።

የሱዳን ጦር በመጋቢት 2025 ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ፈረሰ ቤታቸው ተመልሰዋል። ሌሎች አሁንም በመተማ፣ በገዳሪፍ፣ በከሰላ ናቸው። ለእነርሱ ዕርዳታ የምታሰባስቡ ሁሉ፣ ከዱቄቱና ከዘይቱ ጋር አንድ ጣቃ የጥጥ ጨርቅ፣ መርፌና ክር፣ ሳሙና፣ ክዳን ያለው ባልዲና የልብስ ማስጫ ገመድ ጨምሩ። ገመዱንም ለሴቶቹ ብቻ በተከለለ፣ ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ አስሩላቸው።